ከኮማንዶ ምርጫ ወድቆ ለመመለስ የሚበጅ ምክር

በደባርቅ ወይም በዳባት ተወልዶ ኮማንዶ ለመሆን የሚመኝ ወጣት፥ በምርጫው ዕለት ያለ ጥርጥር ወድቆ መመለስን የፈለገ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ «የደጋ ልጅ ነኝና ልምምድ አያሻኝም» በሚለው አሳብ ልቡን ያጽና። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ፥ ከክቡር ዘበኛ የተመረጠ ሆኖ ሳለ፥ ከመዝመቱ በፊት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ለወራት መልመዱን አይስማ፤ ቢሰማም ለኩራት እንጂ ለትምህርት አይውሰደው።

ቀጥሎም ከሳንቃ በር አይውረድ። ከባሕር ወለል 3,250 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው፥ አስታ በሚበቅልበት በዚያ ብርድ፥ ማለዳ ማለዳ እየሮጠ ይክረም፤ ነገር ግን ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ቆላ ወርዶ ሐሩሩን አይቅመስ። የጦር ማሠልጠኛው ሁሉ በደጋ አልተሠራም፤ በድሬዳዋ አጠገብ ያለው ሁርሶ ቆላ ነው። ሰውነት በጊዜ ማላብንና ጨውን መቆጠብን የሚማረው፥ በሙቀት ውስጥ ቀስ በቀስ ከ10 እስከ 14 ቀን ሲደክም ነው፤ ይህን ያልለመደ ብርቱ ጎልማሳ፥ ይልቁንም ውሃ መጠጣትን እንደ ድክመት የቈጠረ፥ በሙቀት ተመትቶ ሊሞት ይችላል። ከዚህ ምክር ሁሉ እጅግ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ የእግር ቁስል ይድናልና።

እግሩንም ቢሆን አይማረው። ዕድሜውን በኮንጎ ጫማ የኖረ ሰው፥ አዲስ ከስክስ በምርጫው ዋዜማ ተጫምቶ፥ ማሰሪያውን አላልቶ ቁልቁለት ይውረድ፤ ያን ጊዜ እግሩ ወደ ፊት እየተንሸራተተ የአውራ ጣቱ ጥፍር ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ውሎ ይጠቁራል፥ ተረከዙም ውሃ ይቋጥራል፥ የቋጠረውም ፈንድቶ ካልሲው ከሥጋው ይጣበቃል። ሸክሙን በ10 ኪሎ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ከመታገሥ ይልቅ፥ በመጀመሪያው ቀን 30 ኪሎ አሸዋ ይሸከም፤ ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ የሚጠነክር ነውና ጉልበቱ ፈጥኖ ይከዳዋል። በጾም ወራትም ሽሮውንና ምስሩን አብዝቶ በመብላት ፈንታ በባዶ ሆዱ ይሩጥ።

በመጨረሻም ሁልጊዜ ብቻውን ይለማመድ። ኮማንዶነት በጥቂት ሰዎች የሚቆም፥ አንዱ የቈሰለ ጓዱን ተሸክሞ የሚወጣበት ማኅበር በመሆኑ፥ መራጮች የሩጫውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን፥ ድካም ሲጸና ማን ለማን እንደሚያስብም ያያሉ። ስለዚህ ለመውደቅ የቈረጠ ሰው ከኮዳው ለተጠማ ጓዱ አያካፍል፥ ካርታ ያልገባውን አያስረዳ፤ የጉልበቱንም እብጠት ከሐኪሙ ሰውሮ በሌሊቱ ጉዞ መካከል ይቀመጥና፥ የየራሳቸውን ሸክም የተሸከሙት ጓዶቹ እርሱንም ጨምረው እንዲሸከሙ ያስገድዳቸው።