ቀብድን ከይሉኝታ ለመለየት የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

እኛ፣ ልጅ የዳርን፣ ድስት ያስጣድን፣ ቦርሳ ታቅፈን በየአዳራሹ ደጃፍ የተንከራተትን፣ ከሙሽራው ወገንም ከሙሽራይቱም ወገን የቆምን የወላጆች ምክር ቤት አባላት፤

ጥር በመጣ ቁጥር ሙሽራ ከማግኘት ይልቅ አዳራሽ ማግኘት የከበደ በመሆኑ፤

ዓቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ ባይገባም፣ በዚያች ቀን በገባበት ዓመት ከጥምቀት እስከ ቅበላ ያለው ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ ስለማይሞላ፣ ይህንንም ስሌት የአዳራሽ ባለቤቶች ከባሕረ ሐሳብ መምህራን ባላነሰ ጥንቃቄ የሚሠሩት በመሆኑ፤

«ለደስታ ቀን ደግሞ ምን ውል ያስፈልጋል?» የሚለው አነጋገር ከኪስ አውላቂ ይልቅ ብዙ ኪስ ያራቆተ ሆኖ በመገኘቱ፤

ዕቁብ የደረሰውን የገዛ ጎረቤታችንን «ዋስ ጥራ» የምንል ሰዎች፣ በቅጽል ስሙ ብቻ ለምናውቀው ዲኮር ሠሪ ግን በአንድ የስልክ ወሬ መቶ ሺህ ብር የምናስተላልፍ ሆነን በመገኘታችን፤

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱን በጉያው ይዞ፣ አንድ ሙሽራ እንኳ መጥቶ ሳይገልጠው የኖረ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የሠርግ ኪስ ጥበቃ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የሙሽራይቱ አክስት «የቋጣሪዎች አዋጅ» ብለው ቢጠቅሱትም ውጤቱ አንድ ነው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

«አቅራቢ» ማለት ቀብድ እስኪቀበል ድረስ በመጀመሪያው ጥሪ ስልክ የሚያነሳ፣ ከተቀበለ በኋላ ግን በአሁኑ ሰዓት ሊገኝ የማይችል ሰው ሲሆን፣ ምግብ አዘጋጅን፣ ዲኮር ሠሪን፣ ዲጄን፣ ካሜራ ማንን፣ ቬሎ አከራይንና ባለሊሞዚንን ይጨምራል። በሰዓቱ መጥተው በሰዓቱ የሚሠሩም አሉ፤ እነርሱ ይህ አዋጅ እንደማይመለከታቸው ስለሚያውቁ ሲነበብ አይቆጡም።

«ሙሉ ፓኬጅ» ማለት በማስታወቂያው ላይ ሁሉንም የያዘ፣ በሠርጉ ዕለት ግን ጄኔሬተርን፣ የወንበር ልብስን፣ ከውጭ ለሚገባ መጠጥ የሚጠየቀውን ክፍያና ከተባለው ሰዓት በኋላ ያለችውን እያንዳንዷን ደቂቃ የማይጨምር አገልግሎት ነው።

«ይሉኝታ» ማለት ሰው የማያውቀውን ሰው እንዳያስቀይም ብሎ የሚያውቀውን ገንዘብ የሚያጣበት ጠባይ ነው።

በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። ሚዜን ግን አይጨምርም፤ ሚዜ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ቀብድ

በዚህ አንቀጽ እኛ አዲስ ነገር አልፈጠርንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885ን ደግሞ ማንኛውም አባወራ እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ይያዘው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው የሰጠውን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። መቶ ሺህ ብር ተቀብሎ «ይቅርታ፣ ለካ ቀኑ ተይዞ ነበር» የሚል አዳራሽ፣ ያችኑ መቶ ሺህ መልሶ፣ ለስላሳ ጋብዞ፣ እስከ በር ሊሸኝ አይችልም። ሁለት መቶ ሺህ ይቆጥራል። ለስላሳው ከሒሳቡ አይቀነስም።

የድንጋጌውን የመጀመሪያ ግማሽ አዳራሾች ሁሉ ጠንቅቀው ያውቁታል። «የተከፈለ ቀብድ አይመለስም» ብለው በደረሰኛቸው ግርጌ ያሳትሙታል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ሳይታተም ይቀራል፤ ቀለም አልቆባቸው ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ከፋይ ከመፈረሙ በፊት ብዕር አውጥቶ ከዚያች መስመር ሥር «አዳራሹ ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል» ብሎ በእጁ እንዲጽፍና ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ እንዲፈርም ታዟል። ገንዘቡም በወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጠራ። «ቅድሚያ የተከፈለ» ብቻ ከተባለ፣ ነገ ጠበቃው «ይህማ ቀብድ አልነበረም» ብሎ የሚከራከርበትን በር ከፍቶ መሄድ ነው።

ሆኖም የአዳራሽ ባለቤት ሒሳብ ያውቃል። ከአንድ ሙሽራ ሃያ ሺህ ብር ቀብድ ተቀብሎ ሳለ፣ ለዚያው ቅዳሜ ሌላ ሙሽራ መጥቶ መቶ ሺህ ብር ቢጨምርለት፣ ለመጀመሪያው አርባ ሺህ ቆጥሮለት እንኳ ሰማንያ ሺህ ያተርፋል። ሕጉን አክብሮ ነው የሚያባርርህ። ቀብድ አሳንሼ ገንዘቤን ጠበቅሁ የሚል ሙሽራ የጠበቀው ገንዘቡን እንጂ ቀኑን አይደለም። ቀብዱን ያገዘፈው ደግሞ ቀኑን አስሮ፣ ድርጅቱ በሩን የዘጋ ለት ገንዘቡን የሚጠይቅበት ያጣል።

ለዚህ መካከለኛው መንገድ ቁጥር 1889 ነው። ተዋዋዮች ውል ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን ኪሣራ አስቀድመው በቁጥር ሊወስኑ ይችላሉ፤ የቤት ኪራይ ውል ላይ «ገደብ» ብለን የምንጽፈው ማለት ነው። ሁለት ክፍል ቤት ስንከራይ ገደብ የምንጽፍ ሰዎች፣ ስድስት መቶ ሰው የምንጠራበትን አዳራሽ በቃል መያዛችን ለዚህ ምክር ቤት ሊገባው አልቻለም። ስለዚህ ቀብዱ መጠነኛ፣ ገደቡ ከባድ ይሁን፤ ሠርጉ በቀረበ ቁጥርም ገደቡ ይክበድ። ሠርግ ስድስት ወር ሲቀረው ከውሉ የወጣ አዳራሽና ስድስት ቀን ሲቀረው የወጣ አዳራሽ እኩል ኃጢአት የላቸውም። የመጨረሻው ክፍያም ከመጨረሻው ሥራ በፊት አይከፈልም።

አንቀጽ 4። ይሉኝታን ስለማገድ

ይሉኝታ በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ስብሰባና በአማች ፊት እንደ ጸና ይቆያል። ከአዳራሽ ቢሮ በር እስከ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ባለው ክልል ውስጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል።

አቅራቢው አንገቱን ሰበር አድርጎ «ጋሼ፣ እኔን አያምኑኝም?» ሲል፣ ማንኛውም አባት ሳያመነታ «አምንሃለሁ ልጄ፤ ስለማምንህ ነው የማስፈርምህ» ብሎ ብዕሩን ያቀብላል። እናትየው በዚህ ጊዜ የባሏን ክርን እንዳትጎሽም በጥብቅ ተከልክላለች። «የአጎትህ ጓደኛ ልጅ እኮ ነው» የሚል ሦስተኛ ወገን ቢገኝ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ዋስ ሆኖ እንዲፈርም ይጋበዛል። እንደ ተሞክሯችን ከሆነ በዚህ ደረጃ ላይ ዝምድናው ራቅ ይላል።

አንቀጽ 5። ስለ ደረሰኝ

በሀገራችን የሠርግ ገበያ እንደ ጸሎት የሚደጋገም አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዋጋው በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ያለ ደረሰኝ ሲሆን 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይቀራል ይባላል። ሙሽራው ከመንግሥት አተረፍኩ ብሎ እየሳቀ ይወጣል። የቀረለት ግን ታክሱ ብቻ አይደለም፤ ምስክሩም ነው። በኋላ ሰውየው «መቼ ሰጠኸኝ?» ቢል የሚመሰክርለት ያ ያልተቆረጠው ወረቀት ነበር። ታክስ የሸሸበትን ክፍያ ይዞ ዳኛ ፊት መቅረብም በራሱ ወግ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃና ለሰጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ደረሰኝ መጠየቅ እንግዲህ ጠብ መፈለግ አይደለም።

ገንዘቡ በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። «ለጊዜው በእህቴ ቴሌብር ላክልኝ» ያለ አቅራቢ፣ እህቱ ውሉን እንድትፈርም ይጠየቃል። የታደሰ ንግድ ፈቃዱን ያላሳየም የግድግዳ ፎቶዎቹን ብቻ በማሳየት አይታለፍም፤ ከፎቶዎቹ አንዳንዶቹ የሌላ ሰው ሥራ ናቸውና።

አንቀጽ 6። ስለ ቀን መቁጠሪያ

ይህ አንቀጽ በተለይ የወጣው ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭና ከዱባይ ሆነው አዲስ አበባ ላይ ለሚሞሸሩ ልጆቻችን ነው። ወረቀት ላይ «15/05» ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአዳራሹ ጥር 15 ነው፤ ለሙሽራው ግን ሜይ 15፣ ማለትም ግንቦት 7 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ትክክል መሆናቸው ግን በግንቦት አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ በጥር ያለፈ ሠርግ ላይ መድረስን አያስቀርም። የወር ስም በፊደል ይጻፍ፤ ዕለቱ ቅዳሜ ይሁን እሑድ ይገለጽ። «6 ሰዓት» የተባለውም የቀኑ ይሁን የሌሊቱ፣ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ተለይቶ ይቀመጥ።

ውጭ ያለ ሙሽራ ገንዘብ የሚልክለትን ዘመድ መምረጥ የራሱ ፋንታ ነው። አዋጁ የሚያዘው ያ ዘመድ ውሉን በሙሽራው ስም እንዲፈርምና ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ በዚያው ቀን እንዲልክ ነው። ዘመዱ ከዲኮር ሠሪው ኮሚሽን መቀበል አለመቀበሉን መመርመር የቤተሰብ ሰላም ስለሚያናጋ ከዚህ ምክር ቤት ሥልጣን ውጭ ተደርጓል።

አንቀጽ 7። «ዶላር ጨምሯል» ስለማለት

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህች ሐረግ ለሁሉም በሽታ የምትታዘዝ ሆናለች። ከውጭ የመጣ ቬሎ ላይ ብትነገር ያስኬዳል። የዶሮ ወጥ፣ የቤት ጠጅና የሆለታ አበባ ላይ መነገሯ ግን ግር ያሰኛል።

ሕጉ እዚህም ላይ አልተኛም። ቁጥር 1794 በግልጽ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንደማይባል ይናገራል። ዘይት ተወደደ ብሎ ከተፈረመው ዋጋ መውጣት አይቻልም። አቅራቢው ይህን አንቀጽ ያውቀው ይሆናል፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ብዙውን ጊዜ ጭማሪውን የሚጠይቀው ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ካርዱ ተበትኖ፣ የሙሽራዋ እናት የደም ግፊት መድኃኒት በጀመሩበት ሰሞን የሆነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ግን በእውነት አለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ሙሽራ፣ ሙሽሪትና ሁለት ሚዜ ከቆሙ አዳራሹ ሞላ። እንዲህ ያለ ክልከላ ሲመጣ ሕጉ ውሉን ያልፈጸመውን ከካሣ ያድነዋል። የተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይተላለፋል የሚለው ካልተጻፈ ግን ክርክሩ ከወረርሽኙ ይረዝማል። የቅርብ ዘመድ ሞት ደግሞ ከወረርሽኝ ይልቅ ብዙ ሠርግ ያስተላልፋል፤ ማንም ግን «ክፉ አታሟርት» ስለሚባል ወረቀት ላይ አያሰፍረውም። ከዛሬ ጀምሮ ይሰፍራል፦ ለቅሶ ቢያጋጥም ቀኑ አንድ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይተላለፋል። ይህን የፈረመ ሰው አሟረተ አይባልም።

አንቀጽ 8። ልዩ ልዩ

ምግብ በሰው ሒሳብ ከሆነ፣ የሚቆጠረው ሳህን ይሁን ወንበር ይሁን ካርድ አስቀድሞ ይወሰን፤ ቆጠራው ላይም ከሁለቱም ወገን አንድ ያልጠጣ ሰው ይቁም። ቬሎ ሲመለስ በእድፍ እንዳያወዛግብ፣ ሲወሰድ ፎቶ ይነሣ። ኬኩ ይቀመስ።

የካሜራ ማን ክፍያ ግማሹ አልበሙ እጅ እስኪገባ ድረስ ይያዝ። የልጃቸው ክርስትና ተነሥቶ የሠርጋቸው አልበም ያልደረሰላቸው ባልና ሚስት ቁጥር ቀላል አይደለም። ባለካሜራው ግን ለክርስትናውም ቀብድ ተቀብሏል።

የዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት እያለ አዳራሽ ፍለጋ የሚዞር ሰው መብቱ ነው። ዕድር ግን ዕቃውን ሲያውስ ቆጥሮ፣ አስፈርሞ፣ የጎደለውን አስከፍሎ መሆኑን እናስታውሳለን።

አንቀጽ 9። ስለ ክርክርና ቅጣት

ክርክር በሽማግሌ ይጀመራል፤ ሽማግሌዎቹ ከአዳራሹ ባለቤት ጋር ቁርጥ ያልቆረጡ መሆን አለባቸው። ካልሆነ ፍርድ ቤት ክፍት ነው። በጥር የተነሣ የአዳራሽ ክርክር ግን እስከ ሠርጉ ቀን ይቆረጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሙሽራ፣ ከዳኛው ይልቅ ብዕሩን ቀደም ብሎ ይመን።

ለሁለት ሙሽራ አንድ አዳራሽ የሸጠ ባለቤት፣ እጥፉንና ገደቡን ከከፈለ በኋላ፣ በሁለቱም ሠርግ ላይ እስከ መጨረሻው እስክስታ እንዲወርድ ይፈረድበታል።

አንቀጽ 10። የተሻሩ ልማዶች

«እንተማመናለን»፣ «ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል»፣ «ለአንተ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ» እና «ነገ ጠዋት ደውልልኝ» የሚሉ አነጋገሮች ከዚህ አዋጅ ጋር እስከተቃረኑ ድረስ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

አንቀጽ 11። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ከዚህ አዋጅ በፊት ያለ ወረቀት ቀብድ የከፈለ ሙሽራ፣ ዛሬውኑ ለአቅራቢው «የሰጠሁህን ቀብድ፣ የሠርጉን ቀንና የቀረውን ዋጋ አረጋግጥልኝ» የሚል አጭር መልእክት በስልኩ ይላክ። «እሺ» የሚል መልስ ከመጣ አያጥፋው፤ መልስ ካልመጣም የሚያውቀውን አውቋል።

አንቀጽ 12። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የሙሽራዋ እናት ካነበቡት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ማኅተም ያላረፈበት ማኅተሙን የሚቀርጽልን ባለሙያ ቀብድ ተቀብሎን ስልኩን ስለዘጋ ነው፤ በአንቀጽ 3 መሠረት እጥፉን እየጠየቅነው ነው።