የጃዝ አልበም ግብዣና ተጋባዡን ያለማስደሰት ጥበብ

ሁለት የጃዝ አፍቃሪዎች ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ የሚወዱትን አልበም መገባበዝ ይጀምራሉ። ይህን ልማድ የቸርነት ምልክት አድርጎ ማየት የተለመደ ነው፤ ሰው ደስ ያሰኘውን ለወዳጁ ቢያካፍል ምን ክፋት አለው? ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲመረመር ግን ግብዣው የሚደረገው ተጋባዡ አልበሙን እንዲሰማ ሳይሆን እስካሁን አለመስማቱ እንዲታወቅለት ነው። ማስረጃው ከጥያቄው ይጀምራል። ጋባዡ «ይህቺን ስማት፣ ትወዳታለህ» አይልም፤ «መቼም ይህን ሳትሰማው አትቀርም» ይላል። ተጋባዡ «አዎ፣ ደጋግሜ» ካለ የጋባዡ ፊት ይጠቁራል፤ «ኧረ አልሰማሁም» ካለ ይፈካል። በልቼ መጣሁ የሚል እንግዳም እኮ ባለቤቲቱን ያስከፋል የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን እሷ የምትከፋው ወጧ ስላልተቀመሰ ነው። የጃዝ ጋባዥ የሚከፋው እንግዳው ያንኑ ወጥ ቀድሞት ቀምሶ ስለተገኘ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ችግር ከባድ ነው፤ ጥሩ አልበም ውሎ አድሮ ብዙ ሰው ይሰማዋል። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» በ1959 ወጥቶ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ዛሬ ሌላ ጃዝ በማይሰማበት ቤት እንኳ ይገኛል። ጆን ኮልትሬንና ቢል ኢቫንስ ጭምር የተጫወቱበትን ሥራ መናቅ አይቻልም፤ እንዲሁ ባዶውን መጋበዝም ያሳፍራል። ሊቃውንቱ መውጫ ያገኙት በእትሙ በኩል ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ላይ ቴፕ መቅጃው ትንሽ ዘግየት ብሎ ይዞር ስለነበር የሸክላው አንደኛ ገጽ ከትክክለኛው ፈጠን፣ ድምፁም ከፍ ብሎ ወጣ፤ ስህተቱ የታረመው በ1992 ነው። በእነዚያ 33 ዓመታት ከሸክላው ጋር እየተለማመደ የኖረ ትራምፔት ነፊ መሣሪያውን ሳይጠራጠር አልቀረም። ለጋባዡ ግን ስህተቱ ሲሳይ ሆኖለታል። «የትኛውን እትም ነው የሰማኸው?» ይላል። የታረመውን የሰማ የፊተኛውን ለዛ አላገኘም፤ የፊተኛውን የሰማ በተሳሳተ ፍጥነት ነው የሰማው። በዘርፉ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልተገኘም።

«ግን እኮ በመጨረሻ ሸክላው ይከፈታል፤ ተጋባዡም ይሰማል» ብለው የሚቃወሙ አሉ። መከፈቱ እውነት ነው። መስማቱ ያጠያይቃል። የኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» በጎንግ ይጀምራል፤ ሳክስፎኑ ይከተላል፤ ከዚያ የጂሚ ጋሪሰን ቤዝ አራት ኖታ ብቻ እየደጋገመ ይገባል። ልክ ቤዙ ሲገባ ጋባዡ ጣቱን ቀስሮ «እዚህች ጋ! እዚህች ጋ ስማ!» ይላል፤ አራቱ ኖታዎችም በማሳሰቢያው ተሸፍነው ያልፋሉ። ተጋባዡ በበኩሉ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን መነቅነቅ ይጠበቅበታል። ይህ በአብዛኛው አስተማማኝ ዘዴ ነው፤ በዴቭ ብሩቤክ ባንድ «ቴክ ፋይቭ» ላይ ግን ጉድ ያፈላል። ፖል ዴዝሞንድ የደረሰው ይህ ሥራ በአምስት ምት ስለሚሄድ በአራት የሚነቀንቅ ራስ ሁለተኛው ዙር ላይ ይጋለጣል። ዓይን መጨፈንም አያድንም፤ ጋባዡ አልጨፈነም።

የሙላቱ አስታጥቄ ጉዳይ መላ ምቱን ያጠናክረዋል። በ1998 የወጣው «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ለውጭ አገር አፍቃሪዎች ለተወሰኑ ዓመታት የማያሳፍር ግብዣ ነበር። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ሙዚቃውን ለሲኒማ ተመልካቹ ሁሉ ሲያሰማ አልበሙ ከማዕረጉ ወረደ፤ ሊቃውንቱም በ1972 ወደወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አፈገፈጉ። እሱም እንደገና ታትሞ ገበያ ላይ ሲውል ወደ 1966ቱ «አፍሮ ላቲን ሶል» ሸሹ። ከዚያ በፊት የወጣ የሙላቱ አልበም ስለሌለ መሸሻው አልቋል።

አገር ቤት ያደገው አፍቃሪ ግን ይህ ሁሉ ሩጫ አያስፈልገውም። «አባቴ ቤት የአምሃ ሬከርድስ ሸክላዎች ነበሩ» ማለት ይበቃዋል። ሸክላዎቹ ዛሬ የሉም፤ ጎረቤት ተውሷቸው ቀርተዋል፣ ወይም ዕቃ ሲጓጓዝ ተሰብረዋል። የሌለ ሸክላ እትሙ አይጠየቅም፤ ጭረቱ አይሰማም፤ ተከፍቶም ባለቤቱን አያሳፍርም። ይህ ፈጠራ ነው ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመረው ያ ኩባንያ ያሳተማቸው ሸክላዎች በእርግጥ በየቤቱ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በእርግጥ ጠፍተዋል። ስለዚህ ሁለት እንዲህ ያሉ አፍቃሪዎች ሲገናኙ ብልጫው ሸክላው ቀድሞ ለጠፋበት ይሆናል። ተውሶ ያስቀረው ጎረቤት በዚህ ጥናት አልተካተተም፤ እሱ አልበሙን ሳይሰማው አልቀረም።