የሽፍታ ሰዋስው

«ሸፈተ» ቋሚ ትርጉም የሌለው ግስ ነው። ጎጃም ደጋግሞ በፈተነው ደንብ መሠረት ትርጉሙን የሚወስነው የሸፈተው ሰው ሥራ አይደለም፤ በዕለቱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው። ጠመንጃው ያው፣ ዋሻው ያው፣ ስንቁም ያው በሶ ሆኖ ቃሉ ብቻ ይለዋወጣል።

በላይ ዘለቀ የቢቸናን በረሃ ይዞ ጣሊያንን ሲወጋ ለፋሺስቱ ሹም ሽፍታ ነበር። በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ አርበኛ፣ ቀጥሎም ደጃዝማች ተባለ። ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ተጣልቶ ወደ ተራራው ቢመለስ ደግሞ ማዕረጉ ነፍስ አላስጣለውም፤ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ ሲሆን፣ ለጣሊያን ያደሩት አባቱ ራስ ኃይሉ ግን በግዞትም ቢሆን ከገመድ ተርፈዋል። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በበላይ ስም ይጠራል። ሽፍታን ወደ አርበኛ የሚመልሰው አስተማማኝ ዘዴ፣ እንግዲህ፣ አስቀድሞ መስቀል ነው።

የሸፈተው ብዙ ሰው ሲሆን ሰዋስው ይከብዳል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ርስቱ ተለክቶ ሊነጠቅ መሰለውና ገማች አላስገባም አለ። ጦር ተላከ፤ ከሰማይም ቦምብ ወረደ። ግብሩ ግን አልተሰበሰበም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ተሰረዘ፤ ይህም «ምሕረት» ተባለ። ምሕረት መንግሥት ሲሸነፍ የሚናገረው ቃል መሆኑን መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እስካሁን አላስገቡትም።

ደርግ «ወንበዴ» የሚላቸው ሰዎች ግንቦት 20 ቀን 1983 አዲስ አበባ ሲገቡ በአንድ ጀምበር «ታጋይ» ሆኑ። ታጋዮቹም በተራቸው ቃል አላነሳቸውም፤ «ፀረ ሰላም» አሉ፣ በ2003 ደግሞ ግንቦት 7ንና ኦነግን በምክር ቤት ድምፅ «አሸባሪ» አሰኙ። በ2010 ምክር ቤቱ ራሱ ፍረጃውን አነሣ፤ እጅ ማውጣት እንደሆነ አያደክምም። በ2013 እና 2014 በመንግሥት ወገን ሲዋጋ የተወደሰው ፋኖም ከ2015 ወዲህ በመግለጫ «ጽንፈኛ» ነው።

ዱር ያለውም የራሱ ሰዋስው አለው። ለእሱ እምቢታ የተቀደሰ መብት ነው፤ እሱን እምቢ ያለ ጎረቤት ግን «ባንዳ» ይባላል፣ ጣሊያን ከሄደ ሰማንያ ዓመት ቢያልፈውም።