የእናት ስም ያልተሞላለት ልጅ
ለኔንቲዶ ኩባንያ፣ ኪዮቶ፣ ጃፓን

ጉዳዩ፦ የባውዘር ጁኒየር እናት እንድትገለጽልን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ደጃፍ ነው። እዚህ ሰነዱ ያልተሟላ ኮንቴይነር ንቅንቅ አይልም። ዲክላራሲዮኑ፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱ፣ ሁሉም ይታያል፤ አንዲት ፊርማ ከጎደለች ሾፌሩ ከነረዳቱ ቡና ሲጠጣ ይሰነብታል። እናንተ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 «ሱፐር ማሪዮ ሰንሻይን» በተባለው ጨዋታ ባውዘር ጁኒየር የተባለ አንድ የኤሊ ልጅ የእናት ስም ሳትሞሉለት ለዓለም ገበያ ለቀቃችሁ። ማነው ፈትሾ ያሳለፈው?

አባቱ ባውዘር፣ የኤሊዎቹ ንጉሥ፣ «እናትህ ልዕልት ፒች ናት» ብሎ ነገረው። ልጁም አምኖ ልዕልቲቱን ጠለፋት። እሷ «እኔ እናትህ?» ብላ ግራ ተጋባች፤ ወልዳ የረሳች ሴት በእኛ ሰፈር ታይታ አታውቅም። መጨረሻ ላይ አባት ሊናዘዝ ሲንተባተብ ልጁ ቀደመው፦ እናቱ እንዳልሆነች ያውቃል፤ ሲያድግ ግን ያንን የጨዋታውን ጀግና ማሪዮን ደግሞ ሊገጥመው ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ስለ እናቱ ከእናንተ ቁም ነገር የሰማ የለም።

ዝም ስትሉ ሰው በገዛ እጁ ይሞላዋል። ወረፋ ከሚጠብቁት ረዳቶች አንዱ «ፒች ራሷ ናት፣ በምስጢር ነው እንጂ» ይላል። ሌላው «ሞታለች፣ አባትየው ሐዘኑን ደብቆ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ደግሞ «ኤሊ አይደለች እንዴ? እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሄዳለች» አለ። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ፤ ቢያንስ የኤሊን ጠባይ ያውቃል።

የእናንተው የማሪዮ ፈጣሪ ሽጌሩ ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ2012 እናቲቱን እንደማያውቋት ተናገሩ። በ2015 ሲጠየቁ ደግሞ «እኔ ነኝ» ብለው ቀለዱ። እንግዲህ የቤተሰብ ሕጋችን የሚለው ግልጽ ነው፦ እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ብቻ ነው። አቶ ሚያሞቶ የአዋላጅ ማስረጃ ካላቸው ይላኩልን።

ቀልዱን ልለፈው። የከነከነኝ የሰባቱ ልጆች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3» ኩፓ የሚባሉ ሰባት ትንንሽ ኤሊዎች አመጣችሁ፤ የእንግሊዝኛው መመሪያ የባውዘር ልጆች ናቸው ብሎ አስተዋወቃቸው። ለአባታቸው ሲዋጉ፣ በየዛጎላቸው ሲረገጡ ኖሩ። በዚያው በ2012 ሚያሞቶ «ልጆቹ አይደሉም፣ የባውዘር ልጅ ጁኒየር ብቻ ነው» አሉ፤ አለቀ! እኛ ዘንድ አባት ልጁን ሲክድ እንኳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እናንተ 24 ዓመት የኖረ ልጅነት በአንድ ቃለ ምልልስ ፋቃችሁ። ያሳደጋቸው ተጫዋች አልተጠየቀም።

«ጨዋታ ነው፣ ምን አጨናነቃችሁ» ትሉ ይሆናል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስም «ኩኩሉ» የምትባል ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮ ሠርቷል፤ የእናቷን ነገር የጠየቀ የለም። አትፍረዱብን፤ እናቷ የት እንደገባች ከድስቱ ሽታ ይታወቃል። ባውዘር ግን ንጉሥ ነው፤ የንጉሥ ልጅ እናት ስትደበቅ ወራሽነት ይጠየቃል። የማን ልጅ ነህ ሳይባባል ሰላምታውን ለማይጨርስ ሕዝብ ደግሞ የሸጣችሁት ይህንኑ እንቆቅልሽ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ ወይ እናቲቱን አምጧት፣ ወይ የለችም ብላችሁ በማኅተም አረጋግጡልን። ሰባቱንም ልጆች ለአባታቸው መልሱ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሞጆ ትራንዚተር

ግልባጭ፦ ለልዕልት ፒች፣ ስሟ ያለ ፈቃዷ ስለተነሳ