ቺፑን አትክሰሱት

የኤሌክትሮኒክስ ሰው ሥራው እንቢ ሲለው መጀመሪያ የሚከሰው ቺፑን ነው። «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው!» ይላል። ተከሳሹ ፊፎ ከሆነማ ፍርዱ ይፈጥናል። ፊፎ ማለት ቀድሞ የገባውን ዳታ ቀድሞ የሚያስወጣ ሚሞሪ ነው፤ እንደ ታክሲ ሰልፍ። ሰልፍ ማስከበር ምን ይከብዳል? (ማታ 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን መጠየቁ ራሱ ይገርማል።)

ሲንክሮነስ ፊፎ ዳታ የሚቀበለው የመጻፊያው ክሎክ ምት ወደ ላይ በሚወጣባት ቅጽበት ነው። ዳታው ከምቱ ጥቂት ናኖ ሰከንድ ቀድሞ መገኘት አለበት፤ ሴትአፕ ይሉታል። ምቱ ካለፈ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት፤ እሱ ሆልድ ነው። ሁሉም ዳታሺቱ ላይ በሰንጠረዥ ሰፍሯል። የኛ ሰው ግን የእግሮቹን ሥዕል እንዳየ ይዘጋዋል።

ስህተት ሲመጣ ደግሞ የታወቀ መድኃኒት አለው፦ ክሎኩን ማዘግየት። ከ50 ሜጋኸርትዝ ወደ 10፣ ከ10 ወደ 1። ችግሩ ሴትአፕ ከሆነ ይድናል። ሆልድ ከሆነ ግን ክሎኩ በዓመት አንዴ ቢመታም ያው ነው፤ ዳታው የሚበላሸው ምቱ እንዳለፈ ወዲያው ቸኩሎ ስለሚቀየር ነው። የክሎኩ ሽቦ ረዝሞ ምቱ ነጥሮ ሲመለስም እንደዚሁ ነው። ቺፑ አንዱን ምት ሁለት ብሎ ይቆጥርና ያንኑ ዳታ ሁለቴ ይጽፋል። ማዘግየት እዚህም አይረዳም፤ ጥፋቱ ያለው በምቱ አወጣጥ ስለት ላይ ነው።

ከዚያ ኦሲሎስኮፕ ይመጣል። የመለኪያው ጫፍ ክሎኩ ላይ ሲያርፍ ስህተቱ ድራሹ ይጠፋል፤ ሲነሳ ይመለሳል። መለኪያው የያዛት ትንሽ ካፓሲታንስ የምቱን ስለት አለዝባው ነው። ምልክቱን ከሚልከው ቺፕ አጠገብ አንዲት ሬዚስተር ብትገባ ነገሩ ያልቅ ነበር። ሰውዬው ግን መለኪያውን ሳይነቅል፣ በፕላስተር አስሮ፣ «ሠራ!» ብሎ ለአለቃው ያሳያል።

«ባዶ ነኝ» የምትለዋ ምልክትም ትታማለች። የመጻፊያውና የማንበቢያው ክሎክ የየራሳቸው ሲሆኑ፣ ምቶቻቸው በጣም ከተቀራረቡ ምልክቷ አንድ ዙር ትዘገያለች። ዳታ ገብቶ ሳለ ለአፍታ «ባዶ» ትላለች እንጂ፣ ፊፎው ባዶ ሆኖ ሳለ «አለኝ» አትልም። ይህን ያህል ጠንቃቃ ምስክር ውሸታም መባሉ ግፍ ነው።

ሁሉም ሲያቅት ትልቅ ፊፎ ይገዛል። በሰከንድ 50 ሚሊዮን ዳታ እየገባ 40 ሚሊዮን ብቻ ከወጣ፣ 1,024 ቦታ ያለው ፊፎ በ102 ማይክሮ ሰከንድ ይሞላል። በአራት እጥፍ የሚበልጠው፣ ባለ 4,096ቱ፣ በ410 ገደማ ይሞላል። ገዢው ለጨመረው ብር ያተረፈው 300 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው።