ምጣድ ታቅፎ ወደ ካባሌ

ካምፓላ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጉልበቴን ትንሽ ይሰማኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል። ባለፈው በስልክ «ጭነት መኪና ላይ ወጣህ አሉኝ፤ መንገዱን አንድ ሳታስቀር ጻፍልኝ» ብለውኝ የለ? በኤንትሬ ፊያት ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ለኖሩ ሰው የመንገድ ወሬ በስልክ ተቆራርጦ አይነገርምና ይኸው ወረቀት ፈጀሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የደብረ ብርሃኑ ወዳጄ፣ እንጀራ እየጋገረ የሚሸጠው፣ ካምፓላን ለቀቀ። እዚህ ሐበሻ የሚበዛው ካባላጋላና ካንሳንጋ በሚባሉት ሰፈሮች ነው፤ አንዱ ምግብ ቤት ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ጋጋሪው በዝቶ በላተኛው አነሰ። «እንግዲህ ሐበሻ ያልከፈተበት ከተማ ሄጄ እከፍታለሁ» አለና ካባሌን መረጠ። ካባሌ በደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ሩዋንዳ ድንበር አጠገብ፣ ከካምፓላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ሌሎቹ ለምን እንዳልሄዱባት ብጠይቀው «ብርዱን ፈርተው ነዋ!» አለኝ። ሌላም ምክንያት አለው፤ በዚያ አገር ማሽላ ይዘራል፤ ካምፓላ ደግሞ ሙቀቱ ሊጡን ሳይታሰብ ያኮመጥጥበታል። «እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ሊጤም የደጋ ነው» ይላል። እንጀራውን የሚበላው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

የተከራየው ካንተር ነው፤ ጃፓን ጡረታ አውጥታው እዚህ እንደገና ሥራ የጀመረ። ሹፌሩ ጠና ያሉ የቡጋንዳ ሰው ናቸው። እዚህ አገር ወንድን በአክብሮት «ሴቦ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኛ ሴቦ አልናቸው፣ እሳቸውም መልሰው ሁለታችንንም ሴቦ አሉን፤ ካቢናው ውስጥ ሦስት ሴቦ ሆነን ማን ማንን እንደጠራ ሳይታወቅ ተጓዝን።

ወዳጄ የሚጥለው ዕቃ የለም። ፍሪጅ፣ የሊጥ በርሜል፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ እግሩ የወለቀ ረከቦት፣ ትልቅ ሶፋ፣ የላሊበላ ፎቶ፣ ከዓመት በፊት የሞተ ቴሌቪዥን («ደጋ ሲደርስ ይነሳ ይሆናል»)። ስፖንዳው ሞልቶ ሸራው አልደርስ አለ። ሴቦ ዙሪያውን ዞረው አዩ፣ ገመዱን አንዴ ሳብ አደረጉት፣ ምንም ሳይናገሩ ገቡ። እርስዎ ቢሆኑ ግማሹን እዚያው ያስወርዱት ነበር። የሸክላ ምጣዱ ግን ከኋላ አይጫንም ተባለ፤ ይሰነጠቃላ! በጋቢ ተጠቅልሎ እኔ ጉልበት ላይ ተቀመጠ፤ እስከ ካባሌ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፌው ሄድኩ።

እዚህ በግራ ነው የሚነዱት፤ መሪውም በቀኝ ነው። ወዳጄ መሃል ተቀምጦ መኪና ከፊት በመጣ ቁጥር በአማርኛ «ቀኝህን ያዝ!» እያለ ይጮኻል፤ ሴቦ «ካሌ፣ ካሌ» ብለው እሺታቸውን ይሰጡትና ግራቸውን ይይዛሉ። ቢያዳምጡት ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ነበር። ሩዋንዳ ውስጥ እንደኛ በቀኝ ስለሚነዳ ካቱና በሚባለው ድንበር ላይ መኪና ሁሉ ወገን ይቀይራል። ወዳጄ ካባሌን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ምፒጊ አካባቢ ከበሮ ሠሪዎች ሥራቸውን መንገድ ዳር ደርድረው ይሸጣሉ። ከዚያ እልፍ ብሎ የቆመ ፖሊስ አስቆመንና ጉልበቴ ላይ ያለውን ጥቅል ሲያይ ከበሮ መሰለው። ጋቢውን ገለጥኩለት። «ዲሽ ነው?» አለ። እንጀራ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚቦካ፣ ዓይኑ እንዴት እንደሚወጣ ወዳጄ ትንታኔ ሰጠው። ፖሊሱ በትዕግሥት ሰምቶ «አሃ፣ ትልቅ ቻፓቲ!» አለና አሳለፈን። ወዳጄ እስከ ካያብዌ ድረስ አኮረፈ።

ካያብዌ ከካምፓላ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የምድር ወገብ አስፋልቱን የሚያቋርጠው እዚያ ነው፤ ሰው የሚቆምበት ነጭ የሲሚንቶ ቀለበት አለ፤ ቱሪስቱ አንድ እግሩን ሰሜን፣ አንዱን ደቡብ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በስሩ የተበሳ ሳህን ይዞ ውሃ ያፈስና አበባ ይጥልበታል። ከመስመሩ ወደ ሰሜን ሲራመድ አበባዋ በአንድ በኩል ትዞራለች፣ ወደ ደቡብ ሲራመድ በሌላው፣ መስመሩ ላይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች የምድር መሽከርከር አውሎ ነፋስ ያዞራል እንጂ የሳህን ውሃ የሚያዞረው የአፍሳሹ እጅ ነው ይላሉ። ወዳጄ ግን አንዴ ከፍሎበታልና አመነ።

ቀጥሎ የሆነውን ልንገርዎ። ሴቦ በጣታቸው ወደ ደቡብ አሳዩንና «ከዚህ ወዲያ ክረምት ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በሰኔ ከመስመሩ በላይ ያለው ዓለም በጋው ነው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ክረምቱ። እኛ አገር ደግሞ ያው የሰኔ ዝናብ ነው። ዩጋንዳ ራሷ ሁሉንም ትታ ደረቅ ወሯ ላይ ስለሆነች የምንበላው አቧራ ነበር። ወዳጄ ግን ቃሉን እንደሰማ ጃኬቱን አውጥቶ ለበሰና ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋው። ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ «ተሰማህ? ተለወጠ እኮ አየሩ» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ደስ ይልዎታል። ምድር ስለምትሽከረከርና ወገቧ ላይ አበጥ ስለምትል ዕቃ እዚያ ከዋልታዎቹ ይልቅ ግማሽ በመቶ ያህል ይቀልላል። ለእርስዎ ዓይነት ጭነት የማይጠግብ ሹፌር የሚዛን ጣቢያው እዚያ ላይ ቢተከል ምን ነበረበት! ምጣዱ ግን ይህን ሳይንስ አልሰማም።

የካቶንጋን ድልድይ ተሻገርን፤ በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ጎርፍ በልቶት የማሳካ መንገድ ተቆርጦ ነበር፤ አሁን ሰላም ነው። ወዲያው ሉካያ። እዚህ ላይ ይዘኑልኝ። የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም፤ ካንተሩ ፍሬን ሲይዝ ሻጮቹ እየሮጡ መጥተው በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስ በሁለቱም መስኮት አስገቡብን። እኔ እጄ በምጣድ ስለተያዘ መከላከል እንኳ አልቻልኩም፤ አንዱ ብልት አፍንጫዬ ሥር ቆሞ ዋጋውን ሲቀንስ ሰማሁት። ሴቦ ሁለት ገዙ። እኛ ጎንጃ በላን፤ ተለቅ ያለ ሙዝ ነው፣ በፍም ተጠብሶ ይጣፍጣል፣ ዶሮ አጠገቡ ከሌለ።

ጎማው የተነፈሰው ከልያንቶንዴ አልፈን፣ የምቡሮ ሐይቅ ፓርክ አካባቢ ነው። ክሪኩ የት ነው? ከሶፋው ሥር። ሶፋው የት ነው? ከሁሉም ዕቃ ሥር። እርስዎ ረዳትዎን «ክሪክና ጎማ ሁልጊዜ ከላይ» እያሉ ሲቆጡ ትዝ አለኝ፤ ለወዳጄ ብነግረው «አጎትህ ቤት አጓጉዘው አያውቁም» አለኝ። ዕቃውን አንድ በአንድ አወረድን። ማዶ የሜዳ አህዮች ሣር መጋጥ ትተው ቆመው ያዩናል። ሴቦ ጎማው ሥር ሲገቡ ወዳጄ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፣ ፍሪጁ በቀኙ፣ ቴሌቪዥኑ ከፊቱ፣ ላሊበላ ከኋላው፤ ሳሎኑ ተሟልቷል፣ ቤቱ ብቻ ነው የጎደለው።

አንድ ባለ ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂ ማለት ነው፣ ቆመና የሶፋውን ዋጋ ጠየቀ። ወዳጄ ተቆጣ። ሰውየው ዋጋ ጠራ። ወዳጄ አሁንም ተቆጣ፣ ግን ተነስቶ ትራሱን አራገፈ። ያን የመሰለ ድርድር መርካቶም አላየሁ፤ ሁለቱም በማያውቁት እንግሊዝኛ ነበር። እግሩ የወለቀ ረከቦት አልጥልም ያለ ሰው ሶፋውን በሜዳ አህያ ፊት ሸጠው። ባለ ቦዳቦዳው ሶፋውን በቁሙ ሞተሩ ላይ አስሮ፣ እሱ ታንከሩ ላይ ተለጥፎ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሴቦ ከመኪናው ሥር ብቅ ብለው ያንን ጭነት ተመለከቱ፤ መጀመሪያ የሳቁት ያን ጊዜ ነው። ከኋላ ቦታ ተገኝቷልና ምጣዱ ይሂድ ብል አሁንም ይሰነጠቃል ተባልኩ።

ምባራራ የወተት አገር ናት፤ እኛ ጾመኞች ነን፣ አለፍን። የአንኮሌን ከብት ግን ሳልነግርዎ አላልፍም። የራያን በሬ ቀንድ ያወድሱ የለ? የእነዚህን ቢያዩ ዝም ይሉ ነበር፤ በረት ሲገቡ አንገታቸውን አዘንብለው ነው።

ከንቱንጋሞ ወዲያ መንገዱ መጠምዘዝና መውጣት ጀመረ። ካምፓላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ካባሌ ወደ 2,000 ትጠጋለች። ሴቦ የሱፍ ቆባቸውን አጠለቁ። «2,000 ሜትር ደጋ ነው እንዴ? ደብረ ብርሃን ከ2,800 በላይ ነው፣ ጣርማ በር ጉሙን በእጅ ትገፋለህ» እያለ ወዳጄ ሲፎክር አመሸ። ጃኬቱን ግን ታች ላይ በላብ አርሶታልና ነፋሱ ሲመታው ፉከራው እየተቆራረጠ መጣ። ካባሌ ስንገባ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማ ነበር። የጋቢውን ጫፍ በቀስታ ከምጣዱ ላይ ሲስብ ያዝኩት። «ይሰነጠቃል» አልኩት።

ጠዋት ሲነጋ ጉሙ ሸለቆው ላይ ተኝቷል። ተራራው ከላይ እስከ ታች በእርከን ተሠርቷል፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ የድንች ማሳ አለ፣ ሴቶች ጀርባቸው ላይ ልጅ አዝለው ማሽላ ያጭዳሉ። ወዳጄ በር ላይ ቆሞ አየና «ይኸው አይደል አገሬ?» አለ። እኔም አገር ቤትን ጥሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ኖሮ ምድር ወገብን አቋርጦ ደብረ ብርሃን የገባ ሰው ስናይ የመጀመሪያችን ነው አልኩት። አልሳቀም።

ምጣዱ በደህና ገብቷል። ሴቦ ክፍያቸውን ተቀብለው «ዌባሌ» ብለው አመሰገኑን፤ እኔ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

አሁን ጉዳዬ። ትናንት ወዳጄ ደወለ። ማሽላውን አስፈጭቶ አቡክቶ ነበር፤ ሊጡ ግን በብርዱ አልነሳ አለው። በርሜሉን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስተኝቶታል፤ እሱ በጃኬት ያድራል። እናቱን እንዳይጠይቅ «የደጋ ሰው ነኝ እያልክ!» ይሉታል ብሎ ፈርቷል። እባክዎ እትዬን የብርድ አገር ሰዎች ሊጥ በምን እንደሚያነሱ ይጠይቁልኝ፤ ለማን እንደሆነ አይንገሩ። መልሱ ቶሎ ይምጣ፤ እሑድ ሊከፍት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቷል።

የእህትዎ ልጅ፣ ሰላምታዬ ለሁሉም ይድረስ።