ዶክትሬትን በክብር ስለ ማቋረጥ

ዶክትሬትዎን ለማቋረጥ የቆረጡ አንባቢ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ተውኩት» የምትል ቃል ከአፍዎ እንዳትወጣ። «የት ደረሰ?» ለሚልዎ ሁሉ «እያለቀ ነው» ይበሉ። ላለፉት ዓመታትም የሚሉት ይህንኑ ስለነበር ማንም ልዩነቱን አያውቅም።

ስለ ማዕረጉ አይጨነቁ። ገና ፕሮፖዛልዎ ሳይጸድቅ አጎትዎ ሠርግ ላይ «ዶክተር» ብለው አስተዋውቀውዎታል፤ ዘመድ የሰጠውን ሬጅስትራር አይነጥቅም። ጎረቤትዎ የጉልበታቸውን ሕመም ይዘው ቢመጡ፣ ጥናትዎ ስለ አፈር መሸርሸር እንደሆነ ለማስረዳት አይድከሙ። «ሐኪም ቤት ሄደው ይታዩ» ይበሏቸው፤ ምክሩ እንደሆን ትክክል ነው።

ምሳሌ ሲጠቅሱ ግን ይጠንቀቁ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የስታንፎርድ ዶክትሬታቸውን ሳይጨርሱ ጉግልን አቋቋሙ ቢሉ፣ እናትዎ «ታዲያ ያንተው የታለ?» ይላሉ። የኩዊኑ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ ይሻላል። በ1970ዎቹ ስለ ሕዋ አቧራ የጀመረውን ጥናት ለሙዚቃ ሲል ትቶ፣ ለንደን ከሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ዶክትሬቱን ያገኘው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ሽማግሌዎችን ሠላሳ ዓመት ያህል ያስታግሳል።

አማካሪዎን ለመሰናበት አይጣደፉ። የላኩላቸውን ምዕራፍ ሳያነቡ ከርመዋልና የስንብት ደብዳቤዎንም በዚያው ፍጥነት ያዩታል።

ፈተናው ክሊራንስ ነው። ቅጹን ይዘው ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ ንብረት ክፍል ይዞራሉ። አንዱ ፈራሚ ስብሰባ ገብቷል፣ ሌላው ለቅሶ ሄዷል፤ በመጨረሻም ተውሰው ያላነበቡት መጽሐፍ በስምዎ ተመዝግቦ ይገኛል። ለዚህ ያወጡትን ትጋት ለሦስተኛው ምዕራፍ አውጥተውት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተመርቀው ነበር።

ደመወዝ እየከፈለ ያስተማረዎ መሥሪያ ቤት ካለ ደግሞ የፈረሙትን ውል አውጥተው ያንብቡ። ገንዘቡን ከእርስዎ ካጣ ወደ ዋስዎ ይሄዳል። ዋስዎ እኚያው የሠርጉ አጎት ናቸው፤ ያን ዕለት በምን ስም እንደሚጠሩዎ እኔ እዚህ አልጽፈውም።

ቀልዱን እንተወውና፣ የሰበሰቡትን መረጃ ይዘው አይጥፉ። እነዚያ ገበሬዎች እርሻቸውን አቁመው፣ ስንት ገጽ መጠይቅ በትዕግሥት የመለሱልዎ «ይጠቅመናል» ብለው ነው። ማስታወሻውንም ፋይሉንም አስተካክለው ለሚቀጥለው ተማሪ ያስረክቡ።